ለእህቴ ልጅ፦ ቁልቢ በመኪና ውረዱ

ልጄ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ለታኅሣሥ ገብርኤል ከነልጆችሽ እንደምትመጪ፣ እናትሽንም ይዘሽ ቁልቢ እንደምትወርጂ ጽፈሽልኛል፤ እግዚአብሔር በሰላም ያምጣችሁ። አንዱ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከድሬዳዋ ቁልቢ በኪራይ መኪና፣ ንግሡ እንዳለቀ ደግሞ በመጡበት መመለስ። «ጋሼ፣ በአንድ ሰዓት በረራ የሚደረስበትን ቀኑን ሙሉ በመኪና መንገላታት ለምን?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እኔም ዕድሜዬ ሰባውን አልፏል፤ በዚያ መንገድ ቁጥሩን እስክረሳው ተመላልሼበታለሁ። የማውቀውን በተራ በተራ ልጻፍልሽ።

1. መንገዱን ከጉብኝትሽ አትቀንሺው።

ለእናትሽ በየሳምንቱ ትደውይላታለሽ። በስልክ ሰው የሚናገረው ደኅና መሆኑን ነው። «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹስ?» ከዚያ መስመሩ ይቆራረጣል። ቤት ስትመጪም እንዲሁ ነው። ጎረቤት ይገባል፣ ዘመድ ይወጣል፣ እሷም ከጓዳ ሳሎን ስትመላለስ ውላ ማታ ደክሟት ትተኛለች። ባለፈው ስትመጪ ሦስት ሳምንት ተቀመጥሽ፤ እናትና ልጅ ለብቻችሁ አንድ ሰዓት ስትጫወቱ ግን አላየሁም። መኪና ውስጥ እናትሽ ምድጃ የላትም። የምታቀርበው፣ የምታነሳው፣ የምትነሳለት እንግዳ የለም። ዘጠኝ አሥር ሰዓት ሙሉ አጠገብሽ ናት።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ከወላጅ ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየን ማውራት አልተማርንም። ፊት ለፊት ስንቀመጥ አክብሮቱ ይመጣል፣ አንገት መድፋቱ ይመጣል፣ ወሬው ይቀራል። ሁሉም ወደፊት መንገዱን እያየ ሲሄድ ግን አፍ ይፈታል። ይህን የተማርኩት ከአባቴ፣ ከአያትሽ ነው።

አያትሽ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ሰው ነበር። «ብሉ»፣ «ተኙ»፣ «በሩን ዝጉ» ካለ በቂው ነው። በ1965 ዓ.ም. በታኅሣሥ እኔንና እናትሽን ይዞን ቁልቢ ወረደ። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እናትሽ ደግሞ ገና አሥራ አምስት። መኪናው በልመና የተገኘ አሮጌ ላንድሮቨር ነበር። ከአዋሽ ወዲያ መንገዱ ጠጠር ነበርና አቧራው ቅንድባችንን ሳይቀር ነጭ አድርጎታል። የአሰቦት ተራራ በግራ በቀኝ እያለ ከፊታችን ሲታየን ጎማ ፈነዳ። ስኮርታ ጎማውም ንፋስ አልነበረውም። ሹፌሩ ባለፈው መኪና ተሳፍሮ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ፤ እኛ ግራር ሥር ተቀመጥን። ሦስታችንም ፊታችንን ወደ መንገዱ አዙረን፣ የሚመጣ መኪና እየጠበቅን።

አባቴ ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ከእናንተ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ» አለ። ኩፍኝ ነው የወሰደው፤ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር። ስሙን ነገረን። በሃያ አንድ ዓመቴ ታላቅ ወንድም እንደነበረኝ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ተናገረ፣ እኛም ዓይናችንን ከመንገዱ ሳናነሳ ሰማን። ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ነገሩን እስኪሞት ድረስ ደግሞ አላነሳውም።

ያን ቀን ሌላም ነገር ነግሮናል። ለቁልቢ ገብርኤል ስለት የነበረበት በማን ምክንያት እንደሆነ፣ ስለቱን ለመክፈል ለምን አሥራ አምስት ዓመት እንደዘገየ። ይህ የእናትሽ ታሪክ ነው። እኔ አልነግርሽም። አንድ ጊዜ እንኳ በስልክ እንዳልነገረችሽ አውቃለሁ፤ ወደፊትም በስልክ አትነግርሽም።

2. በጊዜ ተነሱ፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ ግን ልጆቹን አትቀስቅሻቸው።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውጡ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለስላሳ ነው፣ መቆሚያም የለውም። ልጆቹ ይተኙበት። የእኛ መንገድ የሚጀምረው ከአዳማ በኋላ፣ ወለንጪቲን ስታልፉ፣ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ስትወጣ ነው።

3. ጋቢናው የእናትሽ ነው።

ሹፌር ያዙ፤ አንቺ አትንጂ። እናትሽን ጋቢና አስቀምጫትና አንቺ ልክ ከኋላዋ ተቀመጪ። ድምፅሽ ለጆሮዋ ይቀርባል፣ ፊቷን ግን አታዪውም። አዋሽ ምሳ በልታችሁ ስትነሱ ቦታ ቀያይሩ፤ እሷ ከኋላ በልጆቹ መካከል ትሁን። ሽቅብ ወደ ጨርጨር ደጋ ሲወጣ ኩርባው ይበዛልና ሆዱ የሚረበሽ ልጅ ካለሽ መስኮት አጠገብ አድርጊው፤ አንድ ሁለት ፌስታልና ሎሚ አይጥፋሽ።

4. ስንቅ ያዙ።

ሆቴል ሞልቷል አትበይኝ፣ አውቃለሁ። ስንቅ የሚያዘው ስለ ረኃብ ብቻ አይደለም። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነውና ቋንጣውን እርሺው፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ አንድ ትልቅ ፔርሙዝ ሻይ ይበቃችኋል። ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰው ይጫወታል። ለሹፌሩም ከእናንተ ጋር እኩል ይድረሰው፤ በልቶ ካልጠገበ ሹፌር ጋር መንገድ አይኬድም።

5. አንድ ሰው «አቁሙ» ካለ ቁሙ።

በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገርበት ምክንያት አለኝ።

በ1989 ዓ.ም. በታኅሣሥ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ በዚሁ መንገድ እየነዳሁ ነበር። ያኔ የምኮራው በፍጥነቴ ነው። ጭሮ በስንት ሰዓት ገባሁ፣ ጨለንቆ በስንት ሰዓት ደረስኩ እያልኩ ለጓደኞቼ እቆጥር ነበር። ሂርና ስንደርስ ባለቤቴ ክንዴን ነካ አድርጋ «እስቲ ትንሽ አቁምልኝ» አለች። በ1967 ዓ.ም. ተማሪና መምህሩ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደየገጠሩ ሲሰማራ የእሷ ምድብ እዚያ አካባቢ ነበር። ፊደል ያስቆጠረችው እዚያ ነው። የአንዲት ሴት ቤት ነበር ያረፈችው፤ ያችን ቤት ለልጆቻችን ልታሳያቸው ፈልጋ ነው። እኔ ሰዓቴን አየሁና «ስንመለስ» አልኳት። ስንመለስ በጨለማ አለፍነው። እሷም ታናሹን ልጅ ታቅፋ ተኝታ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ዐረፈች። ከዚያ ወዲህ በሂርና ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ መኪና አስቁሜ ወርጃለሁ፣ ቁልቁል ወደ ቤቶቹም አይቻለሁ። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ልጆቼ ዛሬ ስለ እናታቸው ዘመቻ ሲጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም፤ ልትነግረን በፈለገችበት ቀን ድሬዳዋ ቀድሜ ልገባ ስቸኩል ነበርና።

ስለዚህ ልጄ፣ እናትሽ መሐል መንገድ ላይ «አቁሙ» ካለች «ለምን?» አትበያት። ቁሙ። ወርዳ ቆማ ትነግርሻለች። ባትነግርሽም ቁሙ።

6. ልጆቹ አማርኛውን ከመስኮት ይልቀሙት።

ልጆችሽ ሜሪላንድ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲመልሱ ይቸግራቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን ፊደል እንደሚቆጥሩ ነግረሽኛል፤ ጥሩ ነው። ግን «ግራር» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ የተማረ ልጅና ግራር ሥር ተቀምጦ እሾህ የወጋው ልጅ አንድ አይደሉም። በዚህ መንገድ ላይ አያትየዋ ጣቷን እየቀሰረች ስሙን ትጥራላቸው፤ አንቺ በመሐል ገብተሽ አትተርጉሚ። የገባቸው ይገባቸዋል፣ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ፣ መጠየቁም ከአያታቸው ጋር ያጫውታቸዋል።

የሚታይ ነገር አይጠፋም። መተሐራ አጠገብ ከፈንታሌ ተራራ ሥር ጥቁር ድንጋይ ተደፍቶ ታያላችሁ፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ከጎኑ የበሰቃ ሐይቅ አለ። እኔ ወጣት ሳለሁ ከመንገዱ ራቅ ያለ ትንሽ ውኃ ነበር፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መጥቶ መንገዱንም የባቡር ሐዲዱንም ተፈታተነ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናወጥ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ትቶ ወጥቷል። ምድር ከሥር እየተላቀቀች ያለችበት ስምጥ ሸለቆ ላይ እንደሚሄዱ ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ ትልቁ ልጅሽ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል።

በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳር ላይ ቀንዱ ቀጥ ያለ ሳላ ከመንገዱ ሊታይ ይችላል። አዋሽ ከተማ ስትገቡ ወንዙ በጥልቅ ገደል ውስጥ ሲሄድ ቆማችሁ እዩት። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣል፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፣ ባሕር ግን አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እናትሽ ይህን አሳምራ ትተርከዋለች፤ ተያት እሷው ትንገራቸው።

ከአዋሽ በኋላ ግመሉ ይበዛል። ሚኤሶን አልፋችሁ ወደ ጭሮ ስትወጡ አየሩ ይለወጣል፤ የደረቡትን አውልቀው የነበሩ መልሰው ይለብሳሉ። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ቆሞ ታገኙታላችሁ። ሰው ከቆላ ወደ ደጋ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲወጣ ሰውነቱ የሚያውቀውን ነገር ከአውሮፕላን መስኮት አያገኘውም።

7. የሕይወት ታሪክሽን ንገሪኝ አትበያት።

እንዲህ ብለሽ ስትጠይቂያት «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ብላ ትዘጋዋለች። ሁላችንም እንዲሁ ነን። ከዚያ ይልቅ ትንሽ ትንሹን ጠይቂ። «ያን ጊዜ እዚህ ስታልፉ ምን ለብሰሽ ነበር? ምን በላችሁ? አዳሩ የት ነበር? አባባ ሲስቅ አይተሽው ታውቂያለሽ?» ከትንሹ ጥያቄ ትልቁ ነገር ተከትሎ ይወጣል። ዝም ካለችም ዝም በይ። በመኪና ውስጥ ዝምታ አያስፈራም፤ ሞተሩ ይሞላዋል። ሙዚቃ ለመክፈት አትቸኩዪ፤ ብዙ ጊዜ ሰው ሊናገር ሲል የሚዘፍን ሰው ይቀድመዋል።

ስልኩንም እንደዚያው። ልጆቹን ጨርሶ ከልክያቸው አልልሽም፤ ቀኑ ረዥም ነው። ከአዋሽ እስከ ሚኤሶ ድረስ ብቻ የሁሉም ስልክ፣ የአንቺም ጭምር፣ ቦርሳ ይግባ። ፎቶ ስታነሱም ተራራውን ሌላ ሰው አንስቶታል። የእናትሽን እጅ ቆሎ ስታቀብል አንሺው።

8. ከመሸ በኋላ አትንዱ።

በዚህ ላይ የምጨምረው የለም። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የትም ሁኑ የት እዚያው እደሩ። ግመልና አህያ መብራት የላቸውም፣ ብዙ የጭነት መኪናም የኋላ መብራት የለውም፤ ከጨርጨር ወዲያ ደግሞ ጉም ይወርዳል። ጭሮ መኝታ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአንድ ሰው ሳይሆን በቅርብ ቀን ከተመላለሱ ሁለት ሦስት ሹፌሮች ጠይቁ። አትሂዱ ካሏችሁ ቅሩ፤ ያን ጊዜ በአውሮፕላን ብትሄዱ እኔ ራሴ እሸኛችኋለሁ። ቀበቶውን ከኋላ የተቀመጠውም ይሰር። እናትሽ «ያፍነኛል» ትላለች፤ በዚህ አትሸነፊላት።

9. ቁልቢ አጠገብ ውረዱና በእግራችሁ ሂዱ።

ለንግሡ ብዙ ሕዝብ ስለሚመጣ መኪናው ከሩቁ ይቆማል። ይህን እንደ ችግር አትቁጠሪው። ከድሬዳዋና ከሐረር በእግሩ የመጣ ሰው ታገኛላችሁ። ጥላ የያዘ፣ ምንጣፍ የተሸከመ፣ በሬ የሚነዳ፣ ድንጋይ በጀርባው አዝሎ ዳገቱን የሚወጣ አለ። ስለቷ የደረሰላት እናት ሕፃኗን ለክርስትና ይዛ ትመጣለች። ስለት ይዞ የሚመጣ ሙስሊምም አለ፤ ይህንንም ልጆችሽ ይዩት። ቤተ ክርስቲያኑን ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ ራስ መኮንን በምስጋና እንዳሠሩት ይተረካል፤ አሁን የምታዩት ሕንፃ ግን በልጃቸው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታነጸው ነው።

እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ በየመቶው እርምጃ አሳርፏት። ልጆቹ ግራና ቀኝ ክንዷን ይያዙ። አባቴ ጥላውን ይዞ የወጣበት ዳገት ነው። የት ጋ ቆሞ እንደተነፈሰ፣ የት ጋ እንዳለቀሰ እናትሽ ታውቃለች።

10. መልሱን እንደ አቅማችሁ አድርጉት።

መመለሻውን በአውሮፕላን ብታደርጉት አልቃወምሽም፤ ሰው ደክሞ መንገድ ሲጀምር መነጫነጭ ያመጣል። ቀን ካላችሁ ግን ከቁልቢ ወደ ደንገጎ ውረዱ። መንገዱ እዚያ ይከፈላል፤ አንዱ ቁልቁል ድሬዳዋ፣ ሌላው በሐሮማያ በኩል ሐረር ያደርሳል። ሐረር እደሩና በማግስቱ ጠዋት ጀጎልን በእግር ዙሩት። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ነው፤ ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ ሲበላ ልጆችሽ ካዩ ሌላውን ሁሉ ረስተው ያንን ብቻ እንደሚያወሩ ከአሁኑ እወቂው። ድሬዳዋን ከመረጣችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ተቀመጡ። ከተማዋ በባቡር የተወለደች ናት፤ አባቴ ከስለቱ በኋላ እዚያ ጥላ ሥር አስቀምጦ ለእኔና ለእናትሽ ሎሚናት ገዝቶልናል። በሕይወቴ ሲስቅ ካየሁባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ነው።

የአውሮፕላን ትኬቱን እስካሁን ካልቆረጥሽ አትቁረጪ። ሰፊ መኪና ያለው፣ ጨዋ ሹፌር አውቃለሁ፤ ለታኅሣሥ 17 ሌሊት ቃል አስገብቼዋለሁ። እናትሽንም ጠይቄያት ነበር፤ «ልጅቷን አታስቸግራት» አለችኝ፣ ከዚያ ደግሞ ነጠላዋን ማጠብ ጀመረች። ጋቢናው የእሷ ነው። እኔ ከኋላ ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ ቦታዬ ጠባብ ቢሆንም ግድ የለኝም። በበኩሌ ሂርና ላይ አንድ ጊዜ «አቁሙ» እላለሁ።